ከሴራሚኩ ስር ያለው ኧርዝ

ማንኛውንም ብረት ከመያዜ በፊት በእጄ ጀርባ ነካ አደርገዋለሁ። የሰው ቤት በር፣ የፍሪጅ እጀታ፣ የሆቴል ቧንቧ፣ አንዳንዴም የባጃጅ ብረት። ያስለመደኝ አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ኤሌክትሪክ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ኮረንቲ ጡንቻ ይሰበስባል፣ ብረቱን በመዳፋችሁ ከያዛችሁት እጃችሁ ተጨብጦ ይቀራል፣ በጀርባው ከነካችሁት ግን እጃችሁ ራሱ ይሸሻል ይለን ነበር። እኔ ልማዱንም ሥራውንም ወረስኩ። ታናሽ እህቴ የወረሰችው ግትርነቱን ብቻ ነው።

የምሠራው ድሬ፣ በመልካ ጀብዱ መንገድ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ኤሌክትሪሻን መጣ ሲባል ሰዎች አሁንም ከኋላዬ ወንዱን ይፈልጋሉ። ድሮ እናደድ ነበር። አሁን "ከኋላ እየመጣ ነው" ብዬ ሥራዬን እጀምራለሁ። መቀመጥ አይሆንልኝም። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር እዝዝ ካለ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምሳ በጉሮሮዬ አይወርድም። እህቴ "አንቺን ወንበር ላይ ለማቆየት ገመድ ያስፈልጋል" ትላለች፤ አልዋሸችም።

እህቴ ፀጉር ቤት የከፈተችው ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ ባለሦስት ፎቅ ቤት፣ ታችኛው ወለል ላይ ነው። የቤቱን ባለቤት ሁላችንም አዴ እንላታለን። ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቱንም ልጇንም ብቻዋን ይዛ የቆየች ሴት። እናታችን ትልቅ ሰው አንቱ እንድንል አድርጋ ነው ያሳደገችን። አዴ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን "አቦ አሮጊት አታድርጊኝ፣ አንቺ በይኝ" ብላ ገላገለችኝ። ከጀርባ በረዶ የሚያመርቱ ሰዎች ስለተከራዩ ቤቱ የራሱ ትራንስፎርመር አለው። ግቢው ጥግ፣ የብረት በር ባለው ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት እያጉረመረመ ይውላል፣ ያድራል።

አዴ በየቀኑ ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በኋላ ግቢውን ውሃ ታጠጣ ነበር። ድሬ ላይ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደጁን የማይረጭ ሰው የለም፤ አሸዋው ካልራሰ ማታ ውጭ መቀመጥ የማይታሰብ ነው። አዴ ግን መርጨት ብቻ አይበቃትም። የልብስ እጣቢው፣ የሩዝ እጣቢው፣ ከበረዶ ቤቱ የሚወጣው ቅላጭ፣ ሁሉም አሸዋው ላይ ይደፋ ነበር። ውሃ በጠፋበት ሳምንት እንኳ ያ ግቢ ደርቆ አያውቅም።

በኋላ የሴት ልጇ ሠርግ ተቆረጠ። አዴም ግቢውን ከበሩ እስከ ትራንስፎርመሩ ክፍል ድረስ በሴራሚክ አስነጠፈች። ነጭ፣ ግራጫ ሐረግ ያለበት፣ የሚያዳልጥ ሴራሚክ። መርጨቷን አላቆመችም። አሁን ግን ውሃው ሴራሚኩ ላይ ተንሸራትቶ በቦዩ ወደ መንገድ ይወጣል። ያን ጊዜ ይህን አይቼ ምንም አላልኩም፤ ማንም ምንም አላለም።

የፀጉር ቤቱ ቧንቧ መቆንጠጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ደንበኛ ፀጉሯን ስትታጠብ ጆሮዋ ቧንቧውን ነካና ጮኸች። እህቴ ሳቀች። ሌላዋም ተቆነጠጠች። እህቴ ቧንቧው ቆንጆ ሴት ይወዳል እያለች ነገሩን የቤቱ ጨዋታ አደረገችው። ራሷን ሲቆነጥጣት ቧንቧውን በደረቅ ፎጣ መክፈት ለመደች። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት እሁድ ምሳ ላይ፣ ለእናታችን እንደ ቀልድ ስታወራ ነው። ጉርሻዬን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። እህቴ በባዶ እግሯ ነው የምትሠራው። ሙቀቱ ሲበረታ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ትደፋና ጫማዋን ጥላ እርጥቡ ላይ ትቆማለች። እርጥብ እግር፣ እርጥብ እጅ፣ ኮረንቲ ያለበት ብረት፤ አባታችን በሕይወት ቢኖር በሩን በቁልፍ ይዘጋባት ነበር።

ማግስቱን የኮረንቲ መለኪያ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ቧንቧውን ለካሁ፤ ምንም የለም። ማጠቢያውን፣ ፀጉር ማድረቂያ ካስኩን፣ ሶኬቶቹን ሁሉ ለካሁ፤ ደህና ናቸው። እህቴ ደንበኞቿ ፊት "እህቴ ፋብሪካው ሲያርፍ እኔን ትጠግናለች" አለች። በሌላ ቀን ሄድኩ፣ አሁንም የለም። የላስቲክ ጫማ ገዝቼ ሰጠኋት፤ ስመለስ ጫማው በሩ ስር ተወርውሮ፣ እሷ በባዶ እግሯ ቆማ አገኘኋት። ተቆጣሁ። እሷም ብሳ ተቆጣች። መፍራት ሥራሽ ነው፣ እኔን ግን ተዪኝ፣ ሥራዬን ልሥራበት አለችኝ። ሳልሰናበታት ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ፈትቼ ሳለ ስልኬ ከጮኸ መፍቻውን ጥዬ አነሳዋለሁ። እናቴ የደወለች እንደሆነ ከሰላምታ በፊት ስለ እህቴ እጠይቃለሁ። ከሥራ ስወጣ ባጃጁን ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ደቻቱ አስነዳዋለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ እህቴ በመስታወቱ ውስጥ ስትንቀሳቀስ ካየሁ በኋላ እመለሳለሁ። ብርቱ ፍርሃት ነበር፤ የታየኝን ሁሉ ለማንም መናገር አልወደድኩም።

አንድ ከሰዓት እንዲሁ ቆሜ ሳለ ከግቢው "ውሃ መጣ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድሬ ውስጥ ውሃ በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው። ሲመጣ ሁሉም ያለውን ዕቃ ይዞ ይሮጣል፤ የውሃ ሞተር ያለው ደግሞ ሞተሩን ያስነሳና ጣራ ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋዋል። የአዴ ሞተር ሲነሳ ከመንገድ ይሰማል። ወዲያው ከፀጉር ቤቱ ውስጥ የሴት ጩኸት፣ ከዚያም ሳቅ ተከተለ። ያኔ ገባኝና መንገዱን ተሻግሬ ሮጥኩ። ሜትሩን ቧንቧው ላይ ሳደርገው ቁጥሩ ብድግ አለ። ሞተሩን አስጠፋሁት፤ ወረደ። አስነሳሁት፤ ብድግ አለ። ያን ሁሉ ቀን ምንም ያላገኘሁት ውሃ በሌለበት ቀን ስለሄድኩ ነው።

የሞተሩ የሽቦ ጥቅል አርጅቶ የብረት ገላውን መንካት ጀምሯል። ሞተሩ ከብረት ቧንቧ ጋር፣ ቧንቧውም ከእህቴ ማጠቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ በየትኛውም ቤት ሊያጋጥም ይችላል። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ኮረንቲውን የሚቆርጠው ብሬከር ወዲያው መውረድ ነበረበት። ለምን አልወረደም?

መልሱን ለማግኘት ትራንስፎርመሩ ክፍል መግባት ነበረብኝ። አዴ ቁልፉን አመጣችና ከኋላዬ ወንድ ትፈልግ ጀመር። ከኋላ እየመጣ ነው አልኳት። እንዲህ ያለ ቤት ሕግ አለው። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው ኒውትራል፣ የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ፣ ከመሬት ጋር ይታሰራል። የትራንስፎርመሩ ገላ፣ የቤቱ ፌሮ፣ የውሃ ቧንቧው፣ እኛ ኧርዝ የምንለው ከየዕቃው ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦም ሁሉ እርስ በርስ በመዳብ ይታሰራሉ። ያን ጊዜ ያመለጠ ኮረንቲ በመዳቡ ላይ ወደ ትራንስፎርመሩ በፍጥነት ይመለሳል፣ ብሬከሩም ይወርዳል። የአዴ ቤት ግን ሁለት ኧርዝ ነው ያለው፤ አንዱ የትራንስፎርመሩ፣ አንዱ የቤቱ። ሁለቱም ግቢው ውስጥ ተቀብረዋል። በመሃላቸው ሽቦ የለም። ቤቱን የሠራው ሰው መንገዱን ለአፈሩ ትቶለታል።

አፈሩም እርጥብ ሳለ የተቻለውን ያህል መንገድ ሆኖ ቆይቷል። የአዴ እጣቢ፣ የበረዶው ቅላጭ፣ ያ ሁሉ የማታ ማታ ውሃ ሁለቱን ኧርዞች ሲያገናኝ ነበር። ማንም ሳያውቅ፣ አዴም ሳታውቅ። ሴራሚኩ ሲመጣ ከስሩ ያለው አሸዋ ደረቀ። ደረቅ አሸዋ ኮረንቲ አያሳልፍም። ከሞተሩ ያመለጠው ኮረንቲ የሚሄድበት አጥቶ ቧንቧው ላይ ተቀመጠ፣ እርጥብ እግር ያለው ሰው እስኪመጣ።

ይህን ለአዴ ነገርኳት። አንድ መስመር ሴራሚክ ይነሳ፣ ሁለቱን በመዳብ ላስራቸው፣ የሞተሩም ሽቦ በአዲስ ይጠቀለል አልኳት። አዴ ሴራሚኩን አየች፣ እኔን አየች። ሠርጉ ደርሷል፣ ዘመድ ከጅጅጋም ከሐረርም ይመጣል። ወላሂ ከሠርጉ ማግስት ራሴ አስነሳዋለሁ አለች። የሞተሩን ሽቦ ልንቀለው ብላት ታንከሩ እንግዳ በሞላበት ቢደርቅስ ብላ ለመነችኝ። እህቴም ከእሷ ጋር ቆመች። ሙሽራዋንና ሚዜዎቿን የምትሠራው እሷ ናት፤ ፀጉር ቤቷን ከከፈተች ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልገባላትም፣ ይህ ከሰመረ ከተማው ያውቃታል። በመጨረሻ ተስማማን። ታንከሩና በርሜሎቹ ፀጉር ቤቱ በተዘጋበት ቀን ይሞላሉ፤ ከዚያ ሠርጉ እስኪያልፍ ሞተሩን የሚነካ የለም። ማብሪያ ማጥፊያው ላይ የሽቦ ማሸጊያ ቀይ ናስትሮ ጠመጠምኩበት። አዴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቃል ሰጠችኝ፣ እኔም አመንኳት።

አመንኳት እንጂ ሰላም አላገኘሁም። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ፀጉር ቤቱ በሴት ተሞልቷል። ሚዜዎቹ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ተደርድረዋል። ሙሽራዋ እስከ ክርኗ በሂና አጊጣ፣ ጭንቅላቷን ማጠቢያው ላይ አስደግፋለች። እህቴ በባዶ እግሯ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆማ አረፋውን ታሽላታለች። አይታኝ ዓይኗን አዞረች። እኔም በሩን ተደግፌ ቆምኩ፣ ጥፍሬን እየበላሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ግድግዳው ውስጥ የሚያንቋርር ቧንቧ ነው። ከዚያ ከግቢው ውሃ መጣ የሚል ድምፅ፣ እልልታ ሳይቀር። በሠርግ ቀን ውሃ መምጣቱ በረካ ነው ይባባሉ ነበር። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሳ።

እህቴ አልሰማችም፤ ካስኩ ይጮሃል። ክርኗ ቧንቧውን ነካ ሲያደርግ ማበጠሪያው ከእጇ ተፈናጥሮ መስታወቱን መታ። ቀድሞ እንደነበረው መቆንጠጥ አልነበረም። እሷ ግን ልማድ ሆኖባት፣ ውሃው ሙሽራዋ ፊት ላይ እንዳይወርድ ቧንቧውን ልትዘጋ መዳፏን ዘረጋች። መዳፏን። ፎጣው ወንበር ላይ ነው። ከበሩ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ በቀሚሷ ጨምድጄ ወደ ኋላ ጣልኳት። ሁለታችንም አረፋ ላይ ወደቅን። ሙሽራዋን ከማጠቢያው እንድትርቅ ጮህኩባት፤ ደንግጣ ተነሳች፣ አረፋው በሠርግ ሸማዋ ላይ ፈሰሰ።

እህቴ ከወደቀችበት ሆና ሰደበችኝ። ሥራዬን ገደልሽው፣ ቀንቼ ነው በይ አለችኝ። ሜትሬን አውጥቼ ቧንቧው ላይ አደረግኩትና ቁጥሩን አሳየኋት። ከግድግዳው ሶኬት ብዙም አያንስም። እሷም የአባታችን ልጅ ናትና ቁጥሩን ታውቃለች፤ ከአረፋው ተነስታ ከቧንቧው ራቀች።

አዴ ጩኸቱን ሰምታ ከነጌጧ መጣች። የሂና ጣቷ ላይ የቀዩ ናስትሮ ቁራጭ ተጣብቋል። ውሃው ሲያንቋርር እጇ ራሱ ሄዶ ልጦት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የውሃ ድምፅ ሲሰማ ሞተር ሲያስነሳ የኖረ እጅ ነው፤ ናስትሮውን መላጧን ያወቀችው እኛ ስናየው ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ስመለስ ማጠቢያው ፊት ቆማ አገኘኋት።

"ልጄ ጭንቅላቷን ያሳረፈችው እዚህ ላይ ነበር?" አለችኝ።

አዎ አልኳት። እጇ ላይ ያለውን ናስትሮ አየችው።

"የቱ ጋ ነው የሚሰበረው?"

ዲጅኖውን ለሌላ ሰው አልሰጠችም። የመጀመሪያዋን ሴራሚክ የሰበረችው ራሷ ናት፣ የወርቅ አምባሯ እየተንቀጫቀጨ። ከዚያ የበረዶ ቤቱ ሰዎች ተቀብለዋት ከአንዱ ኧርዝ እስከሌላው ቦይ ቆፈሩ። አሸዋው እስከ ክንድ ጥልቀት ድረስ እንደ ዱቄት ደርቋል። ዋናውን መስመር አጥፍቼ፣ ከአንድ የማውቀው ሱቅ ወፍራም መዳብ አስመጥቼ፣ ሁለቱን ኧርዞች፣ የትራንስፎርመሩን ገላና የውሃ ቧንቧውን አሰርኩ። ብሎኑን ደጋግሜ አጠበቅኩት። ሚዜዎቹ በቢጎዲናቸው ቆመው ያዩን ነበር። እህቴ ሙሽራዋን በበርሜል ውሃ፣ በጣሳ እየቀዳች አጠበቻት።

ስጨርስ መብራቱን መልሼ፣ ሁሉንም ከቧንቧው አርቄ ሞተሩን አስነሳሁት። ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወረደ። ደግሜ አስነሳሁት፣ ደግሞ ወረደ። አዴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ጭራሽ እንቢ አለ እኮ። አበላሸሽው?"

"አላበላሸሁትም። ከመጀመሪያውም እንዲህ እንቢ ማለት ነበረበት።"

ሠርጉ በበርሜል ውሃ ሆነ። የእንግዳው ጫማ ከተቆፈረው ቦይ አሸዋ እያመጣ ሴራሚኩን አቆሸሸው። ሙሽራዋ ቦዩን ስትሻገር ሚዜዎቿ ሸማዋን አንስተው ያዙላት፣ በጣም አምሮባት ነበር። አዴ ቪዲዮ ለሚቀርጸው ልጅ ቦዩን ጭምር ቅረጸው ስትል ሰማኋት።

ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን አላለቀም። ሞተሩ ተጠቅልሎ መጣ፣ ተገጠመ፣ ለካሁት፤ ቧንቧው ላይ ምንም የለም። እህቴ ግን ቧንቧውን አልነካ አለች። ያቺ ሁሉንም ትስቅበት የነበረች ልጅ የገዛሁላትን የላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ ደንበኞቿን ከበርሜል በጣሳ እየቀዳች ማጠብ ያዘች። ሜትሩን ባሳያት፣ ብሬከሩን ባሳያት፣ እንቢ። ሌሊት እጇ ቧንቧው ላይ ተጨብጦ ሲቀር በሕልሟ እንደምታይ ለእናታችን ነግራታለች። ለእኔ አልነገረችኝም። ደንበኞቿም መቀነስ ጀመሩ። ወራት ሙሉ ፍሪ ስላት የኖርኩት እኔ ነኝና ፍርሃቷን ማስለቀቅም የእኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ከሰዓት ውሃ መጣ። አዴን ሞተሩን እንድታስነሳ አልኳትና ወደ ፀጉር ቤቱ ገባሁ። ሜትሩን ቧንቧው ላይ አድርጌ አየሁ፣ ባዶ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። በጣሳ ውሃ ቀድቼ ሲሚንቶው ላይ ደፋሁና እርጥቡ ላይ ቆምኩ። እህቴ ምን ልታደርጊ ነው ብላ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። ሞተሩ ከግቢው ይሰማል። እጄ እንደ ልማዱ ዞሮ ጀርባውን ሰጠ፤ መለስኩት።

ቧንቧውን በመዳፌ ያዝኩት፤ ጣቶቼን አጠፍኳቸው።

እህቴ ፊቴን አላየችም። ያየችው እጄን ነው።

"በመዳፍሽ ነው?" አለችኝ።

"በመዳፌ ነው።"

ጫማዋን አውልቃ መጣችና እርጥቡ ላይ ከጎኔ ቆመች። እጇን በእጄ ላይ አሳረፈች፣ እጄን ቀስ ብዬ ከስሩ አወጣሁት፣ ቧንቧውን እሷ ያዘችው። ከፈተችው። ውሃው ጣራ ላይ ፀሐይ ስትመታው ስለዋለ ትኩስ ነበር። ውጭ አዴ ሴራሚኩ ከተነሳበት ቦታ ላይ እጣቢ ስትደፋ ይሰማኛል፤ ቦዩን ዳግመኛ አታስነጥፈውም። የደንበኛ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ እህቴ ሦስት ሴት አጥባ እስክትጨርስም አልተነሳሁም።